የማናስሉ ግራናይት ዕድሜው ስንት ነው? አንዱ 22፣ አንዱ 19፣ አንዱ 500 ሚሊዮን ይለኛል

ነጭ ድንጋይ

ሰላም የዚህ ቤት ሰዎች! የጂኦሎጂ ማስተርስ ተማሪ ነኝ። የፊታችን ሐሙስ ሴሚናር አለብኝ። ርእሴ ተራራ ሲሠራ የምድር ቅርፊት መቼ እንደሚቀልጥ ነው። በምሳሌነት የያዝኩት ኔፓል ያለውን ማናስሉን ነው። 8,163 ሜትር ከፍታ አለው፤ ትልቅ የነጭ ግራናይት አካልም ይገኝበታል።

እስካሁን የገባኝን ላስቀምጥ። ሕንድ ከእስያ ጋር የተጋጨችው ከ50 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ነው። ግራናይቱ ግን ውስጡ ባለው ሞናዛይት በሚባል ደቃቅ ማዕድን ሲለካ ሁለት ዕድሜ ይሰጣል። አንዱ ወደ 22.9፣ ሌላው ወደ 19.3 ሚሊዮን ዓመት ነው። የሚካው (ስስ ስስ ሆኖ የሚላጠው ማዕድን) ዕድሜ ደግሞ ከዚያ ያንሳል። ዚርኮን የሚባለው ሌላው ደቃቅ ማዕድንማ ጭራሽ የሌላ ድንጋይ ይመስላል። መሀሉ ሲለካ 500 ሚሊዮን፣ አንዳንዱም ከ1 ቢሊዮን በላይ ይላል።

ሦስት ቀን ሙሉ ከዚህ ጋር ስታገል ነበር። አማካዩን ልውሰድ? ወይስ ትልልቆቹን ቁጥሮች ስህተት ናቸው ብዬ ልተዋቸው? የምታውቁ እባካችሁ እርዱኝ።

ዚርኮን ለቃሚ

እህቴ፣ እንኳን ጠየቅሽ። አማካይ የሚባለውን ነገር እርሺው። ሁሉም ቁጥሮች ትክክል ሊሆኑ ይችላሉ። የሚለኩት ነገር ነው የተለያየው።

ቅቤ ሲነጠር አስቢ። እሳት ላይ ሲቀመጥ የሚቀልጠው ይቀልጣል፣ የማይቀልጠው ድስቱ ሥር ይቀራል። ከዚያ ከላይ ያለው ይቀዳል። ተራራ ሥርም እንደዚሁ ነው። ወደ ጥልቀት የወረደው ጭቃ ወለድ ዐለት ሙሉ በሙሉ አይቀልጥም። መጀመሪያ የሚቀልጡት ኳርትዝ፣ ፌልድስፓርና ነጭ ሚካ የሚባሉት ማዕድናት ናቸው። ቅልጡ ይሰበሰባል፣ በስንጥቅ በስንጥቅ ወደ ላይ ይወጣል፣ ከዚያ ይረጋል። የረጋው ነው ነጩ ግራናይት። ታች የቀረው ደግሞ ጠቆር ያለ፣ ጥቁር ሚካና ጋርኔት የበዛበት ዐለት ይሆናል።

ቅቤና ግራናይት የሚለያዩበት አንድ ነገር አለ። ቅቤው ሲቀዳ ከሥር ካለው ትንሽ ትንሹ አብሮ ይወጣል አይደል? ግራናይት ውስጥ ያ አብሮ የወጣው ነገር ዚርኮን ነው። የሂማላያ ቅልጥ ሙቀቱ 700 ዲግሪ አካባቢ ነው። በዚህ ሙቀት ዚርኮን በደንብ አይሟሟም። ስለዚህ አሮጌው ፍሬ ሳይሟሟ ከቅልጡ ጋር ይጓዛል። ቅልጡ ሲረጋ ደግሞ በዙሪያው አዲስ ሽፋን ያበቅላል። 500 ሚሊዮን ያለሽ መሀሉ ነው። የሚነግርሽ ቀድሞ ስለነበረው ዐለት ነው፣ ስለ ግራናይቱ አይደለም። የግራናይቱን ዕድሜ የያዘው ቀጭኑ ሽፋን ነው።

የሚካው ዕድሜም ስህተት የለበትም። የሚካ ሰዓት መቁጠር የሚጀምረው አርጎን የሚባለው ጋዝ ማምለጥ ሲያቅተው ነው። ለነጩ ሚካ ይህ በግምት 400 ዲግሪ፣ ለጥቁሩ 300 ዲግሪ አካባቢ ነው። ግራናይቱ ከረጋ በኋላ ቆይቶ፣ ሲቀዘቅዝ ማለት ነው። ስለዚህ ማነሱ የሚጠበቅ ነው።

ነጭ ድንጋይ

ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ! የቅቤው ነገር ቁልጭ ብሎ ታየኝ። ግን አንድ ነገር አልገባኝም። ሽፋኑ ቀጭን ከሆነ ሲለካ ከመሀሉ ጋር አይቀላቀልም?

ዚርኮን ለቃሚ

ይቀላቀላል! አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው እዚያ ላይ ነው። ሥራውን ከመጀመሪያው ልንገርሽ፣ ያኔ ይገባሻል።

ድንጋዩን እንፈጫለን። በወንፊት እንነፋዋለን። በውሃ እናጥበዋለን፣ ቀላሉ ይሄዳል፣ ከባዱ ይቀራል። ወርቅ እንደሚያጥቡት በይው። ከዚያ በማግኔት ብረት ያለበትን እናወጣለን፣ በከባድ ፈሳሽ ደግሞ የቀረውን እንለያለን። መጨረሻ ላይ አንድ ቁንጥር አሸዋ ይተርፋል። እሱን በትንሽ ሰሃን አድርገን ማይክሮስኮፕ ሥር እናስገባለን። በቀጭን መርፌ አንድ በአንድ እንለቅማለን። ፍሬው ከፀጉር ውፍረት ብዙም አይበልጥም። እጅሽ ከተንቀጠቀጠ ይፈናጠርና አታገኚውም። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚለው ተረት ለዚህ ሥራ የተባለ ነው የሚመስለኝ። ግማሽ ቀን አንገት ደፍቶ መቀመጥ ነው።

የተለቀሙት ፍሬዎች ሙጫ ውስጥ ይተከላሉ። ሙጫው ሲደርቅ ፍሬዎቹ ግማሽ እስኪሆኑ ድረስ ይሞረዳሉ። አሁን ውስጣቸው ታየ ማለት ነው። በኤሌክትሮን ጨረር ሲመቱ ያበራሉ፣ በፎቶው ላይም ቀለበት በቀለበት ሆነው ይታያሉ፤ የተቆረጠ ግንድ በይው። መሀሉ የተሸረሸረ፣ ክብ፣ ጠቆር ወይ ነጣ ያለ ሆኖ ታይዋለሽ። ዙሪያውን አዲሱ ሽፋን ይከበዋል። ይህን ፎቶ ሳያይ የሚለካ ሰው ጨለማ ውስጥ ነው የሚተኩሰው።

በሌዘርም ሆነ በአዮን ጨረር የሚመታው ነጥብ ስፋቱ ብዙ ጊዜ ከ20 እስከ 30 ማይክሮን ነው። አንድ ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺኛ ነው። ሽፋኑ 10 ማይክሮን ከሆነ ነጥቡ ወደ መሀሉ ይገባል። አሁን ሒሳቡን ተመልከች፤ የዚርኮን ሰዓት ውስጡ ያለው ዩራኒየም ቀስ በቀስ ወደ እርሳስ መለወጡ ነው። በ20 ሚሊዮን ዓመት ውስጥ ከ1,000 የዩራኒየም 238 አቶሞች ወደ እርሳስ የሚለወጡት 3 ብቻ ናቸው። በ500 ሚሊዮን ዓመት ግን 75 ገደማ ይለወጣሉ። ነጥብሽ ግማሹ ሽፋን፣ ግማሹ መሀል ላይ ቢያርፍና ዩራኒየማቸው እኩል ቢሆን ውጤቱ ወደ 260 ሚሊዮን ይሆናል። በ260 ሚሊዮን ግን ምንም አልተፈጠረም! ያ ቁጥር የድብልቅ ቁጥር ነው። ለዚህ ነው አማካይ እርሺው ያልኩሽ።

መምህር ዘወለጋ

ልጆቼ፣ ውይይታችሁ ደስ ይላል። እኔ ብዙ ዘመን አስተምሬአለሁ፣ ተማሪ ሁሉ የሚዘልላት አንዲት ጥያቄ አለች፦ ለምን ዘገየ?

ግጭቱ በ50 ሚሊዮን። የሂማላያ ነጭ ግራናይት አብዛኛው ደግሞ ከ25 እስከ 15 ሚሊዮን ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። መሀል ላይ ከ20 ሚሊዮን ዓመት በላይ ክፍተት አለ። ነጭ ድንጋይ፣ አስተማሪሽ የሚጠይቅሽ ይህን ነው፤ ተዘጋጂ።

መልሱ ያለው ሙቀቱ ላይ ነው። ሁለት አህጉር ሲጋጭ ቅርፊቱ አንዱ በአንዱ ላይ ይደራረባል። ከቲቤት ሥር ዛሬ ውፍረቱ 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ የተለመደው አህጉራዊ ቅርፊት እጥፍ ማለት ነው። ይህ ዐለት ውስጡ ዩራኒየም፣ ቶሪየምና ፖታሲየም አለበት። እነሱ ሲበሰብሱ ሙቀት ይሰጣሉ። በአንድ ኪሎ ድንጋይ ብትወስዱት ኢምንት ነው። ግን በብዙ ኪሎ ሜትር ውፍረት ተከምሮ ከላይ ሌላ ብርድ ልብስ ሲደረብበት ሙቀቱ መውጫ ያጣል። ዐለት ደግሞ ሙቀት የሚያስተላልፈው በጣም በዝግታ ነው። ስለዚህ እስኪግል ድረስ በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠር ዓመት ይፈልጋል። ዘግይቶ መቅለጡ የሚጠበቅ ነው፤ የሚገርመኝ ያው ዩራኒየም ሙቀቱንም ሰዓቱንም መስጠቱ ነው።

ቁልቁለት

ጋሼ መምህር፣ በአክብሮት አንድ ነገር ልጨምር። ሙቀት ብቻ አይደለም ብዬ ነው የማምነው። ግፊት መቀነሱም አለ።

አዲስ አበባ ላይ ውሃ 100 ዲግሪ ሳይደርስ፣ 92 አካባቢ ነው የሚፈላው። የአየሩ ግፊት ስላነሰ ነው። ባቄላ የሚያስቸግረንም ለዚህ ነው። ውሃ በውስጡ የያዘው ነጭ ሚካም በጥልቀት ሲሆን ይጸናል፣ ግፊቱ ሲቀንስ ግን በዚያው ሙቀት ፈርሶ ዐለቱን ያቀልጠዋል። የሂማላያ ግራናይቶች ብዙዎቹ የሚገኙት ከአንድ ትልቅ ስንጥቅ ሥር ነው። ደቡብ ቲቤት መነጠያ ይሉታል። የላይኛው ዐለት ወደ ሰሜን ሲንሸራተት የታችኛው ወደ ላይ ወጣ። ሲወጣ ግፊቱ ቀነሰ፣ ቀለጠ።

ለዚህ ጥሩ ማሳያ ናንጋ ፓርባት ነው፤ ፓኪስታን ውስጥ፣ 8,126 ሜትር። ኢንደስ ወንዝ አጠገቡ ያርሰዋል። ተራራው በኃይል ይነሣል፣ በኃይል ይሸረሸራል። እዚያ 1 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ብቻ ዕድሜ ያላቸው የግራናይት ጅማቶች ተገኝተዋል። ይህ በጂኦሎጂ ትላንት ነው።

መምህር ዘወለጋ

ቁልቁለት፣ አልቃወምህም ልጄ። ግን ቅደም ተከተሉን አትሳት። ግፊቱ ሲቀንስ የሚቀልጠው አስቀድሞ የጋለ ከሆነ ብቻ ነው። ቀዝቃዛ ዐለት ብታወጣው አይቀልጥም። ባቄላውም እኮ ሥሩ እሳት ከሌለ ግፊት ብትቀንስ ምን ይሆናል?

ደግሞ የዕድሜ ልኬት የሚጠቅመን እዚህ ላይ ነው። መቅለጡ ስንጥቁ ከመንቀሳቀሱ በፊት ከጀመረ፣ ቅልጡ ዐለቱን አልስልሶ ስንጥቁን አንቀሳቀሰው ማለት ይቻላል። ከኋላ ከመጣ፣ መውጣቱ አቀለጠው እንላለን። ሁለቱም ወገን የሚከራከረው በ1 እና በ2 ሚሊዮን ዓመት ልዩነት ነው። ስለዚህ የትኛው ማዕድን ምን እንደቆጠረ ካልለየን ክርክሩ መሠረት አይኖረውም።

ቁልቁለት

ልክ ነው ጋሼ፣ እዚህ ላይ ተስማማን። አንድ ነገር ብቻ። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. በደቡብ ቲቤት የመሬት ውስጥ ሞገድ ጥናት ተደርጎ ነበር። ከ15 እስከ 20 ኪሎ ሜትር ጥልቀት ላይ ሞገዱን በኃይል የሚመልስ ነገር ታይቷል። ብዙዎች የቀለጠ ዐለት ያለበት ንብርብር ነው ብለው ተርጉመውታል። ይህ እውነት ከሆነ እኛ ስንጽፍ እዚያ ታች እየቀለጠ ነው ማለት ነው። እኔ ይህን ባሰብኩ ቁጥር ሰውነቴን ይነዝረኛል።

አዲስ ገቢ

ይቅርታ፣ የሙያው ሰው አይደለሁም፣ ሳነብ ነው የገባሁት። ለምን በካርቦን 14 አይለኩትም? ቀላል አይደለም?

ዚርኮን ለቃሚ

ወንድሜ፣ ይቅርታ አያስፈልግም፣ ጥሩ ጥያቄ ነው። የካርቦን 14 ግማሽ ዕድሜ፣ ማለትም ግማሹ እስኪበሰብስ የሚፈጀው ጊዜ፣ 5,730 ዓመት ብቻ ነው። ከ50 ሺህ ዓመት በኋላ የሚለካ ነገር አይቀርም። ደግሞ የሚሠራው ሕይወት ለነበረው ነገር ነው፤ ለእንጨት፣ ለአጥንት፣ ለከሰል። የዩራኒየም 238 ግማሽ ዕድሜ ግን 4.47 ቢሊዮን ዓመት ነው፣ የዩራኒየም 235 ደግሞ 704 ሚሊዮን። ሁለቱም በአንድ ዚርኮን ውስጥ አሉ። አንዱ ወደ እርሳስ 206፣ ሌላው ወደ እርሳስ 207 ይለወጣሉ። ሁለት ሰዓት በአንድ ክንድ ላይ እንደማሰር ነው። ሁለቱ እኩል ካላሉ አንድ ነገር እንደተበላሸ ታውቃለህ።

ዚርኮን የተመረጠበት ሌላም ምክንያት አለ። ሲፈጠር ዩራኒየም ያስገባል፣ እርሳስ ግን አያስገባም። ስለዚህ ውስጡ ያለው እርሳስ ሁሉ ማለት ይቻላል በኋላ የተወለደ ነው።

ነጭ ድንጋይ

ታዲያ ማናስሉን ለምን በሞናዛይት ለኩት? ዚርኮን ይህን ያህል ጥሩ ከሆነ?

ዚርኮን ለቃሚ

ምክንያቱም የማናስሉ ዚርኮን በአሮጌ መሀል የተሞላ ነው፣ ሽፋኑም ቀጭን ነው። ሞናዛይት ግን በእንዲህ ያለው ቅልጥ ውስጥ ራሱ አዲስ ሆኖ ይበቅላል። አሮጌ መሀል አይኖረውም ማለቴ አይደለም፣ ግን ችግሩ ያነሰ ነው።

ሞናዛይትም የራሱ ወጥመድ አለው። ቶሪየም በጣም ይወዳል። ሲበቅል ቶሪየም 230 የሚባለውንም አብሮ ያስገባል። ያ ደግሞ በኋላ እርሳስ 206 ይሆናል። ስለዚህ ከድርሻው በላይ እርሳስ ይኖርና ዕድሜው ከእውነቱ በላይ ያረጃል። ይህ ነገር በ1984 እ.ኤ.አ. እዚያው ሂማላያ ውስጥ ባለው በማካሉ ግራናይት ላይ በደንብ ተብራርቷል። ድንጋዩ ያረጀ ቢሆን ስህተቱ አይታይም ነበር። ለ20 ሚሊዮን ዓመት ግን ያሳስታል። መፍትሔው ሌላውን ሰዓት መጠቀም ነው፤ ቶሪየም 232 ወደ እርሳስ 208። ግማሽ ዕድሜው 14 ቢሊዮን ዓመት ነው። 22.9 እና 19.3 የመጡት በዚህ ነው።

መምህር ዘወለጋ

ነጭ ድንጋይ፣ ያን ሁለት ቁጥር አክብሪው። ግራናይቱ በአንድ ጊዜ የፈሰሰ አይደለም ማለት ነው። ቅልጡ መጀመሪያ መጣና ረጋ። 3 ሚሊዮን ዓመት ከዚያ በላይ ቆይቶ ሌላ ቅልጥ ተጨመረ። በሜዳ ላይ ስታዪው አንድ ነጭ ድንጋይ ነው። ሰዓቱ ነው ሁለት መሆኑን የተናገረው።

የሽሬ ልጅ

ሰላም ቤተሰብ። ጥያቄዬ ከሂማላያ ይርቃል፣ ካስቸገርኩ ይቅርታ። አክሱም ስንሄድ አስጎብኚዎች ሐውልቱ ከግራናይት ነው ይሉናል። እሱስ ተለክቷል? ከተራራ መቅለጥ ጋር ይገናኛል?

መምህር ዘወለጋ

አላስቸገርክም ልጄ። የአክሱም ሐውልቶች ግራናይት አይደሉም። ኔፍሊን ሳይናይት ይባላል። ከአክሱም በስተ ምዕራብ ከጎቦ ድራ ኮረብታ የተፈለጠ ነው። ግራናይት ውስጥ ኳርትዝ የግድ አለ፣ ቢያንስ አንድ አምስተኛው። ኔፍሊን የሚባለው ማዕድን ባለበት ደግሞ ኳርትዝ አይኖርም፣ ሁለቱ አብረው አይኖሩም። ያ ኮረብታ የእሳተ ገሞራ ዘመን ልጅ ነው፤ ከተራራ መቅለጥ ጋር አይገናኝም። ይህን የምለው የሐውልቱን ክብር ለመቀነስ አይደለም። 33 ሜትር ርዝመት ያለው አንድ ወጥ ድንጋይ ከተራራ ፈልፍሎ ማውጣት ግራናይት ሆነም አልሆነም ያው ድንቅ ነው።

እውነተኛ ግራናይት ከፈለግህ ግን ቅርብህ ነው። ከውቅሮ በስተ ሰሜን ያለውን ነጋሽን ታውቀዋለህ። መስጊዱን ሁሉም ያውቀዋል። እዚያ አካባቢ ያለው ግራናይት 608 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው። የምሥራቅና የምዕራብ ጎንድዋና የሚባሉ የጥንት አህጉሮች ተጋጭተው የሂማላያን ያህል ረጅም የተራራ ሰንሰለት ሠርተው ነበር። ከግብፅና ከሱዳን ጀምሮ በእኛ በኩል እስከ ሞዛምቢክ ይሄዳል። ተራራው ተሸርሽሮ አልቋል። ሥሩ ግን አለ፤ ትግራይ ውስጥ፣ ወለጋ ውስጥ፣ አዶላ ውስጥ እንረግጠዋለን።

ነጭ ድንጋይ

ጋሼ፣ ይህን አላውቅም ነበር! ታዲያ ነጋሽን እንደ ማናስሉ ማየት ይቻላል? የእኛን ባቀርብ በጣም ደስ ይለኝ ነበር።

መምህር ዘወለጋ

አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጫቸው፣ ግን አንድ ናቸው እንዳትዪ። ማናስሉ ንጹሕ የቅርፊት ቅልጥ ነው። ነጋሽ ላይ ግን ከግራናይቱ ጋር ጠቆር ያለ፣ ከማንትል፣ ማለትም ከቅርፊቱ ሥር ካለው የምድር ክፍል፣ የመጣ ማግማ (ቅልጥ ዐለት) ተቀላቅሎ ይታያል። ሁለቱ ገና ሳይረጉ ተገናኝተዋል። ስለዚህ ሙቀቱ የመጣው ከታች፣ ከማንትል ጭምር ነው።

ሌላም ልዩነት አለ። የሂማላያ ግራናይት ያረጀ አህጉር ቀልጦ የመጣ ስለሆነ አሮጌ የዚርኮን መሀል ሞልቶታል። የዐረብና ኑብያ ጋሻ የሚባለው የእኛ ሰሜን ግን አብዛኛው ቅርፊቱ ራሱ በዚያው ዘመን ከማንትል የተወለደ አዲስ ነው። ስለዚህ በእንዲህ ያለ ቦታ አሮጌ መሀል ብዙ አይጠበቅም። ዚርኮኑ ጨዋ ነው፣ ሥራውም ይቀላል።

ዚርኮን ለቃሚ

ጋሼ ጨዋ ነው ሲሉ አንድ ነገር አስታወሱኝ። ለተማሪዎች ይጠቅማል ብዬ ልንገራችሁ።

ከዓመታት በፊት እንዲህ ካለ አሮጌ መሀል ከማይጠበቅበት ግራናይት ላይ ስሠራ ነበር። ድንጋዩን ያስፈጨሁት አንድ ላብራቶሪ ውስጥ ነው። ልኬቱ ሲመጣ ፍሬዎቹ ሁሉ አንድ ላይ ተሰለፉ። አንዷ ብቻ ከ2 ቢሊዮን ዓመት በላይ አለች። ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። ከሥር የተደበቀ አሮጌ አህጉር አገኘሁ ብዬ ምዕራፍ መጻፍ ጀምሬ ነበር። አንድ ሌሊት ፎቶዋን እንደገና አየሁት። ፍሬዋ እንደ ወንዝ ጠጠር የተድበለበለች ናት። ዙሪያዋ አዲስ ሽፋን የለም። ቅልጥ ውስጥ ገብታ ብትወጣ ሽፋን ታበቅል ነበር፣ ወይ ጠርዟ ይበላ ነበር። ከእኔ በፊት በዚያ ወንፊት የተነፋው የአሸዋ ድንጋይ ነበር። ወንፊቱ በደንብ ሳይጸዳ ቀርቶ ነው። ናሙናውን እንደገና በንጹሕ ወንፊት ሠራሁት፣ አሮጌ ፍሬ የሚባል አልመጣም። ምዕራፉን ቀደድኩት። አንድ ወር ሄደ። ግን ያቺን ፍሬ ይዤ ብታተም ኖሮ ሰው ስንት ዓመት ይሳሳትበት ነበር።

ከዚያ ወዲህ ወንፊቱን ራሴ ነው የማጥበው። ቀዳዳው ውስጥ የተሰካች አንዲት ፍሬ እንኳን እንዳትቀር ከብርሃን ፊት ይዤ አየዋለሁ።

ነጭ ድንጋይ

ይህን ታሪክ ለክፍል ጓደኞቼ እነግራቸዋለሁ፣ ከፈቀድክ።

ስላይዴን ሙሉ በሙሉ ቀየርኩት። አንድ የጊዜ መስመር ሠራሁ። ግራ ጫፍ ላይ የዚርኮኑ መሀል፣ ከዚያ 50 ላይ ግጭቱ። ከዚያ ረጅም ባዶ ቦታ አለ፤ «እየጋለ ነው» ብዬ ጻፍኩበት። ከዚያ 22.9፣ 19.3፣ ቀጥሎ ሚካው። ነጋሽን በሁለተኛው መስመር አስገባሁት። ጋሼ፣ አንድ የቀረኝ ጥያቄ፦ ባዶው ቦታ ላይ ምንም አልቀለጠም ማለት ይቻላል?

መምህር ዘወለጋ

አይቻልም ልጄ። ከ25 ሚሊዮን በፊትም ትንንሽ ቅልጦች ነበሩ፣ በተለይ ወደ ቲቤት ወገን። አብዛኛው በኋላ መጣ በይ እንጂ ከዚያ በፊት ምንም አልነበረም አትበዪ። ቦታውን ባዶ ከምታደርጊው ነጠብጣብ አድርጊበት።

ነጭ ድንጋይ

አደረግሁ ጋሼ። ነጠብጣቡን በቀይ አድርጌዋለሁ። ሐሙስ ማታ ምን እንደጠየቁኝ እዚሁ እጽፋለሁ።

የሽሬ ልጅ

እኔም የእጅ መነጽር ተውሻለሁ። ቅዳሜ ነጋሽ እወርዳለሁ። ጠቆር ያለው ከነጩ ጋር የተገናኘበትን ቦታ ካገኘሁ ፎቶ አነሣላችኋለሁ፤ ለመጠኑ አጠገቡ ሳንቲም አደርጋለሁ።